የሕፃናት ላይከን ፕላነስ

የሕፃናት ላይከን ፕላነስ በቆዳ፣ በአፍ ውስጥ ሽፋን፣ በጥፍርና በፀጉር ሥር ላይ የሚከሰት፣ ለወራት የሚቆይ የብግነት ሕመም ነው። ዋና ምልክቱ ጠፍጣፋ ጫፍ ያላቸው፣ የሚያብለጨልጩና አጥብቀው የሚያሳክኩ ትንንሽ ጉብታዎች ናቸው። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በብዛት የሚታየው በጎልማሶች ላይ ሲሆን በሕፃናት ላይ እምብዛም አይገኝም፤ በዚህም ምክንያት በሕፃን ላይ ሲታይ በእከክ፣ በጭርት ወይም በችፌ መሳሳቱ የተለመደ ነው።

አብዛኛዎቹ ሕፃናት ከጥቂት ወራት እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይድናሉ። ሆኖም የራስ ቆዳን ወይም የጥፍርን ሥር የያዘ ላይከን ፕላነስ በጊዜ ካልታከመ የማይመለስ የፀጉር መመለጥ ወይም የጥፍር መጥፋት ሊያስከትል ይችላል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ጉብታው ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ከሕመሙ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ስያሜና ታሪክ

«ላይከን» የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን በዛፍ ግንድና በድንጋይ ላይ የሚበቅለውንና በአማርኛ የዛፍ ሽበት የሚባለውን ነገር ያመለክታል። «ፕላነስ» በላቲን ጠፍጣፋ ማለት ነው። ሁለቱ ቃላት ተጣምረው የሽፍታውን መልክ ይገልጻሉ፤ በቆዳ ላይ ተለጥፎ የበቀለ የሚመስል ጠፍጣፋ ነገር ማለት ነው።

ሕመሙን በዚህ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው እንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም ኢራስመስ ዊልሰን በ1869 እ.ኤ.አ. ነው። በ1895 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሐኪም ሉዊ ዊክሃም በጉብታዎቹ ላይ የሚታዩትን ነጫጭ ቀጫጭን መስመሮች ገለጸ፤ መስመሮቹም እስከ ዛሬ «የዊክሃም መስመሮች» ይባላሉ።

ስርጭት

በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ላይከን ፕላነስ ከ1 በመቶ በታች በሆኑ ሰዎች ላይ እንደሚታይ ይገመታል። ከታማሚዎቹ መካከል ሕፃናት በአብዛኞቹ ጥናቶች ከ5 በመቶ አይበልጡም። በሕንድ የታተሙ ዘገባዎች ግን ከዚህ ከፍ ያለ ድርሻ ያሳያሉ፤ ከትላልቆቹ አንዱ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመውና 316 ሕፃናትን ያካተተው ጥናት ነው። በአሜሪካና በብሪታንያ በተደረጉ ጥናቶችም ከአፍሪካና ከደቡብ እስያ የዘር ሐረግ ያላቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት ተመዝግበዋል።

ሕመሙ በብዛት የሚጀምረው ለትምህርት በደረሱ ልጆች ላይ፣ በተለይም ከ7 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። በጨቅላ ሕፃናት ላይ እጅግ አልፎ አልፎ ይታያል። ወንዶችንም ሴቶችንም ይይዛል። በጥቂት ቤተሰቦች ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው ሊታመም ይችላል፤ እንዲህ ያለው በቤተሰብ የሚገኝ ዓይነት ከተለመደው ቀደም ባለ ዕድሜ ይጀምራል፣ ሰውነትንም በስፋት ይይዛል።

መንስኤ

የሕመሙ የመጨረሻ መንስኤ አልታወቀም። በቆዳ ውስጥ የሚሆነው ነገር ግን በደንብ ተጠንቷል። ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት ቲ ሴሎች በላይኛው የቆዳ ሽፋን መሠረት ላይ የሚገኙትን ሴሎች እንደ ባዕድ ቆጥረው ያጠቃሉ። የተጠቁት ሴሎች ይሞታሉ፤ በውስጣቸው የነበረው የቆዳ ቀለም፣ ማለትም ሜላኒን፣ ወደ ታችኛው የቆዳ ክፍል ይፈስሳል። ሽፍታው ከዳነ በኋላ ጥቁር ምልክት የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በጎልማሶች ላይ ሕመሙ ከጉበት ቫይረስ ሲ ጋር ግንኙነት እንዳለው በብዙ አገሮች ታይቷል። በሕፃናት ላይ ይህ ግንኙነት ደካማ ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ከወሰዱ በኋላ ላይከን ፕላነስ የታየባቸው ጥቂት ሕፃናት በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። በኢትዮጵያ ይህ ክትባት አምስት በሽታዎችን በሚከላከለው ጥምር ክትባት ውስጥ ሆኖ በተወለዱ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። የተመዘገቡት ሕፃናት ቁጥር ከተከተቡት ሚሊዮኖች አንጻር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ክትባትን ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም።

አንዳንድ መድኃኒቶች ላይከን ፕላነስን የሚመስል ሽፍታ ያስነሳሉ። ከእነዚህ መካከል ለወባ የሚሰጡት ክሎሮኪንና ኪኒን፣ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጡት አይሶናያዚድና ኢታምቡቶል ይገኛሉ። ሽፍታው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊወጣ ስለሚችል ቤተሰብ ሁለቱን ላያገናኝ ይችላል። አዲስ አበባ በከፍታዋ የተነሳ የወባ አካባቢ ባትሆንም ልጆች በክረምት ዕረፍት ወደ ቆላ ዘመዶቻቸው ሄደው ታክመው የሚመለሱበት ጊዜ አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ካለበት ቤት የሚኖሩ ሕፃናትም የመከላከያ መድኃኒት ለወራት ይወስዳሉ። ስለዚህ ሐኪም ባለፉት ወራት የተወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ይጠይቃል። መድኃኒቱን ማቋረጥ ወይም መለወጥ ግን የሐኪም ውሳኔ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቆም ከሽፍታው የከፋ ጉዳት አለው።

የቆዳ ምልክቶች

በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚሰጠው የሕክምና ትምህርት የላይከን ፕላነስን መልክ በ«ፒ» ፊደል በሚጀምሩ ስድስት ቃላት ያስጠናል። በአማርኛ ሲገለጹ እነዚህ ናቸው፦

• ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፤
• ጠርዙ ክብ ሳይሆን ማዕዘን ያለው፤
• ጫፉ ጠፍጣፋ፤
• የሚያሳክክ፤
• ከቆዳ ከፍ ያለ ትንሽ ጉብታ፤
• ጉብታዎቹ ሲገጣጠሙ ሰፊ ንጣፍ የሚሆን።

የአንዱ ጉብታ ስፋት ከ1 ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከጎን ብርሃን ሲበራበት ላዩ ያብለጨልጫል። ጥቂት ዘይት ተቀብቶ በማጉያ መነጽር ሲታይ የዊክሃም መስመሮች እንደ ሸረሪት ድር ይታያሉ።

ሽፍታው ብዙ ጊዜ በሁለቱም የሰውነት ጎን ይወጣል። የተለመዱት ቦታዎች የእጅ አንጓ የውስጥ ገጽ፣ ክንድ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ቅልጥምና ወገብ ናቸው። በሕፃናት ላይ እግር ከሁሉም ይልቅ ይያዛል። ፊት፣ መዳፍና ውስጥ እግር ብዙ ጊዜ ነጻ ናቸው። ማሳከኩ ከልጅ ልጅ ይለያያል፤ አንዳንዶቹ ሌሊት እንቅልፍ እስኪያጡ ያካሉ፣ ጥቂቶች ደግሞ ምንም አይሰማቸውም።

በጠቆረ ቆዳ ላይ ያለው መልክ

የሕክምና መጻሕፍት ሥዕሎች በአብዛኛው የተወሰዱት ከነጭ ቆዳ ስለሆነ ወይን ጠጅ የሚለው ቀለም ኢትዮጵያዊ ሕፃን ላይ ላይታይ ይችላል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ጉብታዎቹ ጥቁር ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ይሆናሉ። መቅላትም እምብዛም አይታይም። በዚህ ሁኔታ ከቀለሙ ይልቅ ቅርጹ ይረዳል፤ ጠፍጣፋ ጫፍ፣ ማዕዘን ያለው ጠርዝና ማብለጭለጭ በየትኛውም ቆዳ ላይ አይጠፉም።

ጉብታው ሲድን ቦታው ከቆዳው ጋር ይስተካከላል፤ ጥቁር ወይም ግራጫ ምልክት ግን ይቀራል። ቆዳው ለስላሳ ከሆነ፣ ማሳከኩ ከቆመና አዲስ ጉብታ ካልወጣ ሕመሙ አልፏል ማለት ነው። ምልክቱ በራሱ ጊዜ ለመድብዘዝ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ብዙ ቤተሰቦች ይህን ምልክት ገና ያልዳነ ሕመም አድርገው በመቁጠር ኃይለኛ ቅባት መቀባት ይቀጥላሉ፤ ቅባቱ ግን ወደ ታችኛው ቆዳ የፈሰሰውን ቀለም አያወጣም።

የኮብነር ክስተት

ቆዳ በተፋቀበት ወይም በተጫረበት ቦታ ላይ አዲስ ሽፍታ መውጣቱ በጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪክ ኮብነር ስም ይጠራል። ሕፃናት ማሳከክን መቆጣጠር ስለማይችሉ በእነሱ ላይ ብዙ ጊዜ ይታያል። ጉብታዎቹ ጥፍር የሄደበትን መስመር ተከትለው በተርታ ይሰለፋሉ። ጠባብ የሱሪ ወገብ፣ የጫማ ማሰሪያና የካልሲ ላስቲክ የሚፈትጉት ቦታም ሊይዘው ይችላል። የልጅን ጥፍር አሳጥሮ መቁረጥና ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ማልበስ የሕክምናው አካል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓይነቶች

በሕፃናት ላይ የሚታዩት ዋና ዋና ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• የተለመደው ዓይነት፦ ከላይ የተገለጸው ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ይህ አላቸው።
• ድንገተኛ ሰፊ ዓይነት፦ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደረትን፣ ጀርባንና እጅና እግርን ያዳርሳል። አስደንጋጭ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይድናል።
• መስመራዊ ዓይነት፦ በአንድ እጅ ወይም እግር ላይ እንደ ቀጭን መቀነት ተዘርግቶ ይወጣል። ከጎልማሶች ይልቅ በሕፃናት ላይ ይበዛል። ሕፃኑ በማሕፀን ሳለ የቆዳ ሴሎች ያደጉበትን መስመር ይከተላል።
• ወፍራም ዓይነት፦ በቅልጥምና በቁርጭምጭሚት ላይ እንደ ኪንታሮት የሻከረ ወፍራም ንጣፍ ይሆናል። አጥብቆ ያሳክካል፤ ለዓመታትም ሊቆይ ይችላል።
• ቀለበታማ ዓይነት፦ መሐሉ ድኖ ጠርዙ ከፍ ብሎ ይቀራል። ከጭርት ጋር በቀላሉ ይሳሳታል።
• የፀሐይ ዓይነት፦ በፊት፣ በአንገትና በእጅ ጀርባ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ይወጣል። በመካከለኛው ምሥራቅ ሕፃናትና ወጣቶች ላይ በብዛት ተመዝግቧል። ማሳከኩ ትንሽ ነው።
• ውኃ የሚቋጥር ዓይነት፦ በጉብታው ላይ ወይም በአጠገቡ ውኃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል። በሕፃናት ላይ ብርቅ ነው።
• ቀለማዊ ዓይነት፦ ያለ ጉብታ፣ በፊትና በአንገት ላይ ግራጫ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ይበዛል፤ በትንንሽ ልጆች ላይ ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይገኛል።

የአፍ ምልክቶች

የአፍ ውስጥ ላይከን ፕላነስ በሕፃናት ላይ ከጎልማሶች ያነሰ ነው። ሲኖር በጉንጭ የውስጥ ገጽ ላይ እንደ መረብ የተጠላለፉ ነጫጭ መስመሮች ሆኖ ይታያል። መስመሮቹ በጣት ሲፋቁ አይለቁም፤ ይህም በጨቅሎች አፍ ከሚወጣውና ሲፋቅ ከሚለቀው የፈንገስ ነጭ ሽፋን ይለየዋል። ብዙውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው የሚገኘው ሐኪሙ አፍ ከፍቶ ሲያይ ነው። ሽፋኑ የተላጠበት ልጅ ግን በርበሬ ያለበትን ወጥ ወይም ሎሚ ሲቀምስ ይቃጠላል፤ ምግብ እምቢ ማለትና ክብደት መቀነስ ሊከተል ይችላል። በብልት ላይ ያለ ሽፍታም በሕፃናት ላይ ይከሰታል፤ ምርመራው ወላጅ ባለበት ይደረጋል።

የጥፍር ምልክቶች

ሕመሙ የጥፍርን ሥር ሲይዝ ጥፍሩ ይሳሳል፣ ከላይ ወደ ታች ይሰነጠቃል፣ ጫፉም ይሰበራል። በአንዳንድ ልጆች ሃያዎቹም ጥፍሮች በአሸዋ ወረቀት የታሹ መስለው ይሻክራሉ፤ ይህ መልክ በሌሎች ሕመሞችም ሊመጣ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም በራሱ ይሻሻላል።

አሳሳቢው ምልክት ጥፍሩ በሚበቅልበት ሥፍራ ያለው ቆዳ ወደ ፊት አድጎ ከጥፍሩ ገበታ ጋር መጣበቁ ነው። ይህ የጠባሳ ምልክት ነው፤ ጠባሳ የሆነ የጥፍር ሥር ዳግመኛ ጥፍር አያበቅልም። የቆዳ ሽፍታ የሌለበት የጥፍር ላይከን ፕላነስ ስላለ በልጅ ላይ ብዙ ጥፍሮች አብረው ሲበላሹ ሁልጊዜ ፈንገስ ነው ማለት አይቻልም።

የፀጉር ምልክቶች

የራስ ቆዳ ሲያዝ በፀጉሩ ሥር ዙሪያ ትንንሽ ሻካራ ነጠብጣቦችና ቅርፊት ይታያሉ፤ በኋላም ፀጉሩ በየቦታው ይመለጣል። የተመለጠው ቦታ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ፣ የፀጉር ቀዳዳ የማይታይበት ከሆነ ጠባሳ ሆኗል ማለት ነው። በሕፃናት ላይ ይህ ዓይነት ብርቅ ቢሆንም የሚያደርሰው ጉዳት ቋሚ ነው። በኢትዮጵያ ለልጆች የራስ መመለጥ ዋናው ምክንያት ጭርት ስለሆነ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ በጭርት ፀጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ አጭር ጉቶ ይተዋል፣ በፈንገስ መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል።

ከሌሎች በሽታዎች መለየት

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች ከላይከን ፕላነስ ጋር የሚምታቱት በሽታዎች በአብዛኛው ከእሱ እጅግ የሚበዙ ናቸው።

• እከክ፦ በጣቶች መካከል፣ በብብትና በብልት አካባቢ ይወጣል፤ ሌሊት ያሳክካል፤ በቤት ውስጥ ሌላም ሰው ያሳክከዋል። በ2015 እና በ2016 እ.ኤ.አ. ድርቅን ተከትሎ በአማራ ክልል የተነሳው ሰፊ ወረርሽኝ በሽታው ምን ያህል እንደሚዛመት አሳይቷል። አንድ ልጅ ብቻ ታሞ የእከክ መድኃኒት በትክክል ሁለት ጊዜ ተሰጥቶት ካልዳነ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል።
• ችፌ፦ በክርን መታጠፊያና ከጉልበት ጀርባ ይወጣል፤ ጠርዙ ግልጽ አይደለም፤ ቆዳው ደረቅ ነው። ብዙ ጊዜ በጨቅላነት ይጀምራል።
• ጭርት፦ ቀለበታማና ቅርፊት ያለው ነው። ከቅርፊቱ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፈንገሱ ይገኛል።
• ሶሪያሲስ፦ በክርንና በጉልበት የውጭ ገጽ ላይ ብርማ ወፍራም ቅርፊት ይኖረዋል።
• ጠፍጣፋ ኪንታሮት፦ በፊትና በእጅ ጀርባ ላይ ይወጣል፤ በጭረት መስመርም ሊሰለፍ ይችላል፤ ግን አያሳክክም።
• ቁንጭር፦ በደጋው ኢትዮጵያ በሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ የሚመጣ ሲሆን ብዙ ጊዜ በፊት ላይ አንድ ወይም ጥቂት ቁስሎች ሆኖ ይታያል፤ አያሳክክም።
• የሥጋ ደዌ፦ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ንጣፍ ሲሆን ቦታው ይደነዝዛል፤ ማሳከክ የለውም። የላይከን ፕላነስ ጉብታ ግን ስሜቱን አያጣም።
• ከሳንባ ነቀርሳ ጋር የተያያዘ ሽፍታ፦ በሕፃናት ደረትና ጀርባ ላይ የተሰባሰቡ ትንንሽ የማያሳክኩ ጉብታዎች ይወጣሉ። በአንገት ላይ እጢ ካለ ይበልጥ ይጠረጠራል።
• ከኤች አይ ቪ ጋር የተያያዘ የሚያሳክክ ሽፍታ፦ በእጅና በእግር የውጭ ገጽ ላይ ተበትኖ ይወጣል፤ ምርመራው በወላጅ ፈቃድ ይደረጋል።

ምርመራ

ልምድ ያለው የቆዳ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ በዓይን በማየት ይለየዋል። ቆዳን አጉልቶ የሚያሳይ መብራት ያለው መነጽር የዊክሃም መስመሮችን በግልጽ ስለሚያሳይ ሕፃኑን ሳይወጉ ለመወሰን ይረዳል። ሐኪሙ ሽፍታው የወጣበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን አፍን፣ ሃያዎቹን ጥፍሮችና የራስ ቆዳን ይመለከታል።

ጥርጣሬ ካለ ቦታው ደንዝዞ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆን የቆዳ ናሙና ይወሰዳል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የላይኛው ሽፋን መወፈሩ፣ የታችኛው ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ መምሰሉ፣ የመሠረት ሴሎች መሞታቸውና ከሥራቸው ነጭ የደም ሴሎች እንደ መቀነት ተደርድረው መገኘታቸው ሕመሙን ያረጋግጣል። የደም ምርመራ ላይከን ፕላነስን አይለይም፤ የጉበት ምርመራ የሚታዘዘው ምልክት ሲኖር ወይም የሚሰጠው መድኃኒት ጉበትን የሚነካ ሲሆን ነው።

ሕክምና

ሕክምናው ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ሽፍታው የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል፣ ፀጉርንና ጥፍርን ከጠባሳ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ምርጫ እንደ ቤታሜታሶን፣ ሞሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ያለ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ነው። ቅባቱ በጉብታዎቹ ላይ ብቻ፣ በስሱ፣ ሐኪም ለወሰነው ሳምንታት ይቀባል። ለፊትና ለብልት ቀለል ያለ ስቴሮይድ ወይም ታክሮሊመስ ይመረጣል። የሌሊት ማሳከክን ለማስታገስ የአለርጂ መድኃኒት ይጨመራል።

ሽፍታው ሰውነትን ካዳረሰ ወይም ጥፍርንና የራስ ቆዳን ከያዘ ለአጭር ጊዜ የሚዋጥ ፕሬድኒሶሎን ሊታዘዝ ይችላል። ሌሎች አማራጮች ዳፕሶን፣ አሲትሬቲን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሕክምና ናቸው። ዳፕሶን የሥጋ ደዌ መድኃኒት ሆኖ የሚታወቅ ቢሆንም ለሌሎች የቆዳ ብግነቶችም ስለሚሰጥ መታዘዙ ልጁ የሥጋ ደዌ አለበት ማለት አይደለም። ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና በኋላ የደም ምርመራ ይደረጋል።

ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች በመድኃኒት ቤትና በመዋቢያ መደብር ያለ ማዘዣ መሸጣቸው በኢትዮጵያ የታወቀ ችግር ነው፤ ፊት ለማቅላት የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶችም ስቴሮይድ ይይዛሉ። ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለ ክትትል ለወራት ሲቀባ ቆዳ ይሳሳል፣ የደም ሥር ጎልቶ ይወጣል፣ ቋሚ ሸንተረር ይፈጠራል። የትንሽ ልጅ ቆዳ ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ስለሆነ መድኃኒቱ ወደ ደም ገብቶ ዕድገቱን ሊገታ ይችላል። በጭርት ወይም በእከክ ላይ ሲቀባ ደግሞ ለጊዜው አስታግሶ በሽታውን ያስፋፋል፤ መልኩንም ስለሚለውጠው ለሐኪም ያስቸግራል።

የሕመሙ አካሄድ

የተለመደው ዓይነት በአብዛኞቹ ሕፃናት ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይጠፋል። ድንገተኛው ሰፊ ዓይነት ቀደም ይላል፤ ወፍራሙ ዓይነትና የአፍ ሽፍታ ይዘገያሉ። ከዳኑት መካከል ጥቂቶቹ ሕመሙ ይመለስባቸዋል። በጎልማሶች ላይ ለረጅም ዓመታት የቆየ የአፍ ላይከን ፕላነስ ወደ ካንሰር የመለወጥ አነስተኛ ዕድል አለው፤ በሕፃናት ላይ ይህ እጅግ ብርቅ ቢሆንም የአፍ ቁስሉ የማይድን ልጅ ክትትል ያስፈልገዋል።

ልጁ ወደ ሐኪም ቶሎ መመለስ ያለበት ፀጉሩ መመለጥ ከጀመረ፣ ጥፍሩ ከሳሳ ወይም ከተሰነጠቀ፣ በአፍ ቁስል ምክንያት መብላት ካቃተው፣ ሽፍታው ውኃ ከቋጠረ፣ ወይም የታከከው ቦታ መግል ይዞ ትኩሳት ካመጣ ነው።

ማኅበራዊ ገጽታ

በአማርኛ ለላይከን ፕላነስ የተለየ የሕዝብ ስም የለም። ቤተሰብ ሽፍታውን በሚያውቀው ስም ይጠራዋል፤ አንዱ ችፌ፣ ሌላው ጭርት ይለዋል፤ ድንገት የወጣ እንደሆነም ሸረሪት ሸናበት የሚል አለ። ስያሜው የሚደረገውን ሕክምና ይወስናል፦ ጭርት የተባለው ነጭ ሽንኩርት ይታሽበታል፣ ሸረሪት የተባለው ቅጠል ይለጠፍበታል። ቆዳን የሚያቃጥል ማንኛውም ነገር በኮብነር ክስተት የተነሳ በላይከን ፕላነስ ላይ አዲስ ጉብታ ያስነሳል። ወደ ጠበል መሄድ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ቅባቱንና ክትትሉን ሳያቋርጡ መሄድ ይችላሉ።

ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ልጅ ሌሎች ልጆች መራቃቸው፣ በአንድ ማዕድ እንዳይበላ መደረጉ ወይም ከትምህርት ቤት እንዲቀር መጠየቁ በሕመሙ ባሕርይ የተደገፈ አይደለም። ላይከን ፕላነስ በመንካት፣ በልብስ፣ በፎጣ፣ በምግብም ሆነ በትንፋሽ አይተላለፍም። ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ከእህትና ወንድሞቹ ጋር ይተኛል። ትምህርት ቤት ማስረጃ ከጠየቀ የሚያክመው ሐኪም የማይተላለፍ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ሊጽፍ ይችላል።

ሕክምና በነፋስ ስልክ ላፍቶና በአዲስ አበባ

ነፋስ ስልክ ላፍቶ በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኝ ክፍለ ከተማ ሲሆን ላፍቶን፣ ጀሞን፣ ለቡን፣ መካኒሳንና ጎፋን የመሳሰሉ ሰፈሮችን ይይዛል። እንደ ሌሎቹ ክፍለ ከተሞች የመንግሥት ሕክምና የሚጀምረው በጤና ጣቢያ ነው። እከክ፣ ጭርትና ችፌ እዚያው ይታከማሉ፤ ላይከን ፕላነስ የተጠረጠረበት ልጅ ግን በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ ሽፋኑን ለማግኘት ይህን ቅደም ተከተል መከተል ይጠበቅበታል።

ለቆዳ ሕመም ትልቁ ማዕከል በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ዘነበ ወርቅ በሚባለው አካባቢ፣ ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል ነው። ሥፍራው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች የተቋቋመና በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተጠራ ሆስፒታል ነበር። አለርት ራሱ የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ በ1965 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም በዚያው ግቢ ይገኛል። ዛሬ አለርት ማንኛውንም የቆዳ ሕመም የሚያክም ሲሆን የቆዳ ሐኪሞችም ይሠለጥኑበታል። ሆኖም ስሙ ከሥጋ ደዌ ጋር ተያይዞ ስለቀረ ልጃቸውን ወደዚያ መውሰድ የሚያመነቱ ወላጆች አሉ። ወደ አለርት መላክ የሥጋ ደዌ ጥርጣሬ ማለት አይደለም፤ የቆዳ ሐኪም ያለበት ቦታ መላክ ማለት ነው።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ቤተሰብ ልጁ የወሰዳቸውን መድኃኒቶችና የተቀባቸውን ቅባቶች ማሸጊያ፣ የክትባት ካርዱንና ሽፍታው ሲጀምር በስልክ የተነሳ ፎቶ ካለ ይዞ ቢሄድ ምርመራውን ያቀልለታል። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ቦታውን ቀለም ባለው መድኃኒት ወይም በቅጠል አለመሸፈን የሽፍታው ትክክለኛ መልክ እንዲታይ ይረዳል።